እርግብ ማርባት ላባ ከመንቀል አይጀመርም

እኛ ጋ፣ ጫጫ ማለቴ ነው፣ እርግብ ልያዝ ብሎ የተነሳ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «የክንፏን ላባ ንቀልላት፣ አለበለዚያ ትሄድብሃለች» ይሉታል። ምክሩን የሚሰጡት ትልልቆቹ ልጆች ናቸው፤ እነሱም ከትልልቆቻቸው የሰሙት ነው። ልጁም ይነቅላል። እርግቧ ግቢ ውስጥ እንደ ዶሮ በእግሯ ስትዞር ትከርማለች። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ያንን ልማድ የሚቃወም ነው። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ርዕሱ ያነሰ መስሎ የሚታየው ካለ ትንሽ ይታገሰኝ፣ ወደ ሙያችንም እመጣለሁ።

እርግብን የሚያበሯት ዋናዎቹ ላባዎች በየክንፉ ጫፍ ያሉት አሥሩ ናቸው። የተነቀለ ላባ ተመልሶ እስኪያድግ አንድ ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ በመቀስ የተቆረጠው ደግሞ ይብሳል፣ ጉቶው በራሱ ጊዜ ረግፎ በአዲስ እስኪተካ ወራት ይቆያል። እስከዚያ ድረስ ድመት ቢመጣ፣ ሸለምጥማጥ ቢመጣ፣ የማምለጫዋ መንገድ ተዘግቷል። ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያዋን እርግብ ሲገዛ እንደተመከረው አደረገ። በዘጠነኛው ሌሊት ሸለምጥማጥ በላት። አባታችን ታዲያ የፈረዱት በሸለምጥማጡ ላይ ሳይሆን በእርግብ ማርባት ላይ ነው። «ዶሮ እንቁላል ትሰጣለች፣ በግ ፀጉር ይሰጣል፣ እርግብ ምን ትሰጣለች? የስምንተኛ ክፍል ፈተናህ እስኪያልፍ እዚህ ግቢ እርግብ የሚባል እንዳላይ!» አሉ።

የአባታችን ጥያቄ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። መቼም በእኛ አገር እርግብን ለሥጋዋ የሚይዝ ብዙ ሰው የለም። በእኔ እምነት ግን ልጁ የሚያገኘው ነገር አለ። በግ ይታሰራል፣ ዶሮ ብትፈልግም ሩቅ አትሄድም፤ እርግብ ግን ጠዋት በሩ ተከፍቶላት፣ የትም መሄድ እየቻለች፣ ማታ ተመልሳ የምትገባ ፍጥረት ናት። የምትመለሰው ደግሞ ቤቱ ከተስማማት ብቻ ነው። የሚነቅለው ልጅ ይህንን ሳያየው ነው የሚቀረው።

ወደ ሙያችን ልምጣ። ዛሬ ሮይተርስ የምንለው የዜና ወኪል መሥራች ጁሊየስ ሮይተር እ.ኤ.አ. በ1850 በእርግብ ዜና ያስተላልፍ ነበር። የቴሌግራፉ ሽቦ ከበርሊን እስከ ጀርመኗ አኸን ከተማ፣ በሌላ ወገን ደግሞ ከፓሪስ እስከ ብራስልስ ደርሶ መሐሉ አልተገናኘም ነበር። ሮይተር የገበያ ዋጋ የተጻፈበትን ወረቀት እርግቦች ላይ እያሰረ ከብራስልስ ወደ አኸን ሲለቅ ባቡሩን ይቀድሙት ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፣ እርግቦቹ የአኸን ተወላጆች ናቸው። በባቡር ወደ ብራስልስ ይወሰዳሉ፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው ይበራሉ፣ በቃ። እርግብ መልእክት ታደርሳለች ሲባል አድራሻ ተነግሯት የምትሄድ የሚመስለው ሰው አለ። እሷ የምታውቀው አድራሻ አንድ ብቻ ነው፣ የራሷ ቤት። ሽቦው ሲቀጠል ሥራው አበቃ።

እንግዲህ ጀማሪ ገንዘቡንም ሐሳቡንም ማዋል ያለበት ቤቱ ላይ ነው። ለአንድ ጥንድ ወርዱ 60፣ ቁመቱና ጥልቀቱ 40፣ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ቆርቆሮ የሆነ ቤት ቀን ይግላል፣ ሌሊት ደግሞ በረዶ ነው፤ ቆርቆሮ ለጣሪያ ብቻ። ፊቱ የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኘው፣ ጀርባው ለነፋሱ እንዲሆን ነው የሚሰቀለው፣ ድመት ዘሎ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ። ብዙ ሰው «የእኛ ብርድ ይገድላቸዋል» ይላል። እውነት ነው፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ደብረ ብርሃን የተተከለው ያለ ነገር አይመስለኝም። እርግብን ግን ላባዋ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ብርዱ ብዙም አይጎዳትም። የሚጎዳት እርጥበትና በስንጥቅ የሚገባ ነፋስ ነው። ወንድሜ አዲሱን ሳጥን ሲሠራ አባታችን «ይሄ ጣሪያ ዝናብ ያስገባል» ብለው ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው መቱለት። አሁንም ግን እሺ አላሉም።

ቀለቡ ለእኛ አገር ሰው ቀላል ነው። አንዲት እርግብ በቀን 30 ግራም ገደማ እህል ትበላለች፤ ጥንዱ በወር ሁለት ኪሎ አይሞላም። ስንዴ፣ አተር፣ ማሽላ፣ ገብስ ይሆናል። የሚገርመው ነገር፣ እኛ የምንመካበትን ገብስ እርግብ የምትበላው ሌላው ሲያልቅባት ነው። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ታዲያ ይሄንኑ እንደ ሚዛን ይጠቀሙበታል፤ ገብሱን መተው ከጀመረች ጠግባለች ማለት ነው፣ ሰሃኑ ይነሳ። እንጀራና ዳቦ ፍርፋሪ የእርግብ ምግብ አይደለም። ጥርስ ስለሌላት እህሉን ሆዷ ውስጥ የሚፈጭላት ደቃቅ ጠጠር ትፈልጋለች፣ የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊትም ይጨመርላት። ውሃዋ በየቀኑ ይቀየር።

እርግቦቹ ሲገዙ ተጣምረው የኖሩ ወይም ገና ከእናት አባታቸው የተለዩ፣ አንድ ወር ከትንሽ የሆናቸው ይሁኑ። ትንንሾቹ አዲሱን ቤት ቶሎ ይለምዳሉ። ወንድና ሴቱን መለየት ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ጎጆ ውስጥ አራት እንቁላል ያየ ሰው ከመደሰቱ በፊት ሁለት ሴቶች ገዝቶ እንደሆነ ይጠርጥር፣ እርግብ የምትጥለው ሁለት ሁለት ነውና። ጥንዶቹ ተፈራርቀው ይታቀፋሉ፤ ሴቷ ሌሊቱን፣ ወንዱ የቀኑን መሐል። በ18 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ከጉሮሯቸው ሥር ካለው የእህል ከረጢት የሚወጣ እርጎ የመሰለ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ እናትም አባትም ነው የሚያጠቡት ብል ይቀለኛል። ወንዱ «ማታቀፍ የሴት ሥራ ነው» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

መንቀል ካልተቻለ እንዴት ትለምዳለች ለሚለኝ፣ መልሱ ሽቦ መረብና ትዕግሥት ነው። የሳጥኑ ፊት በሽቦ መረብ ተዘግቶ ሦስት አራት ሳምንት ይቆያሉ፤ ጣሪያውን፣ ዛፉን፣ መንገዱን እያዩ። በየምግቡ ሰዓት ያው አንድ ዓይነት ፉጨት ይፏጭላቸዋል ወይም እህል ያለበት ጣሳ ይንቀጫቀጫል። የመጀመሪያ ቀን የሚለቀቁት እንደራባቸው፣ ከማታ ምግብ በፊት ነው። ያረጀ እርግብ ግን በዚህም ላይረጋ ይችላል፤ የድሮ ቤቱን አይረሳም። ስለዚህ ያረጀውን አስቀምጦ ልጆቹን መልቀቅ ይሻላል።

የገደል እርግቦችን ይዞ ማላመድ ግን ይቅር። በጣሪያችንና በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የሚያርፉት፣ ከማጅራታቸው ላይ ነጭ ያላቸው ግራጫ እርግቦች ከቤት እርግብ ዘር አይደሉም። በዓለም ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኙ ናቸው፤ ቤት አላቸው፣ ሳጥን አያስፈልጋቸውም።

ስለ በሽታም ሁለት ነገር ልበል። ፈንግል የዶሮ ብቻ አይደለም፤ እርግብም ይዛ ለጎረቤት ዶሮ ልታስተላልፍ ትችላለች። ስለዚህ አንድ ሰሃን ላይ አይብሉ። ሁለተኛ፣ የኩሱና የላባው አቧራ ሳንባ ይጎዳል። ሰው በሚተኛበት ክፍል እርግብ ማሳደር አይገባም፤ ቤቱ የሚጠረገው ውሃ ረጨት ተደርጎበት፣ አፍና አፍንጫ በጨርቅ ተሸፍኖ ነው።

የቀረው የሰው እርግብ ጉዳይ ነው። ሰፈር ውስጥ ልጆችን የሚያጣላው እሱ ነው። የሌላ ሰው እርግብ ከእናንተ ጋር በርራ መጥታ ሳጥናችሁ ውስጥ ገብታ ስትገኝ «የገባ የኔ ነው» የሚል ሕግ ያወጡ ልጆች አሉ። ይዘውም ላባ ይነቅላሉ፣ ከዚያ ባለቤቱ ገንዘብ ይዞ ይመጣል ወይም ድንጋይ ይዞ ይመጣል። እኔ ወንድሜን ያልኩት፣ የደከማት ከሆነች ውሃና እህል ስጣት፣ ትደር፣ ጠዋት ከሌሎቹ ቀድመህ በሩን ክፈትላት ነው። ልትቆይ ከፈለገች ባለቤቷን ፈልጎ መናገር ነው፤ ጫጫ ትንሽ ከተማ ናት፣ የማን እርግብ እንደሆነች አንድ ቀን ሳይሞላ ይታወቃል።