የካቲት 7፣ ሻማውና ቆጣሪው

ቅዳሜ የካቲት 7 ነው፤ ፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን የሚሉት። ከወዲሁ መንገዱ ቀይ በቀይ ሆኗል፦ ቀይ ፊኛ፣ ቀይ ኬክ፣ ቀይ ጽጌረዳ። «ይሄ የኛ ባህል አይደለም» የምትሉ ወዳጆቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በየዓመቱ እንከራከርበታለን፣ ዘንድሮ እንተወው። የሚያከብረው ያከብራል። የዛሬ ጉዳዬ «ኑሮ ተወዷል፣ ሬስቶራንት ከምንሄድ ቤታችን ብናከብር ይረክሳል» ከሚለው ሰው ጋር ነው። እኔም ራሴ እንደዚያ ባይ ነኝ። ግን «ይረክሳል» የምትለዋን ቃል እንዲሁ አላምናትም፤ አንዴ ጉድ ሠርታኛለች።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የጋብቻችን 7ኛ ዓመት ደረሰ። (ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ የግማሹ ጓደኞቼ በዓልም እዚያው ወር ላይ ነው የተጠቀጠቀው።) ሌላ ጊዜ ለዚህ ቀን ውጭ እንወጣ ነበር። ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን ሜኑ የማነበው ከቀኝ ወደ ግራ ሆኗል፦ መጀመሪያ ዋጋው፣ ከዚያ ምግቡ። እናም እንደ ትልቅ ሰው «ዘንድሮ ቤት እናክብር» አልኩ። ባለቤቴም ደስ አላት። ወይም ደስ ያላት መሰለኝ።

ዕቅዴ ፍቅርንም ቁጠባንም ያጣመረ ነበር። 12 ሻማ ገዛሁ፤ አምፖል ሁሉ ይጠፋል፣ ሻማ ብቻ ይበራል። ከዚያ «መቼም ያለ ዶሮ ወጥ አይሆንም» አልኩ። «እንጀራው ደግሞ ትኩስ ቢሆን» አልኩ። ራት የምንቀርበው በሙቅ ውሃ ታጥበን ነው ብዬ ቦይለሩን ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ አበራሁት። ይሄን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ሽንኩርት የላጠው፣ ዶሮ የበለተው፣ ምጣድ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ምጣዱ ግሎ፣ ወጡ ስቶቭ ላይ እየተንተከተከ፣ ቦይለሩም እየሠራ ሳለ ብሬከሩ ጣለ። መለስኩት። ጣለ። ለሦስተኛ ጊዜ ልመልሰው ስል ባለቤቴ ምጣዱን ነቅላ «ተወው፣ ሊጡ ለነገ ይደር» አለች። ራት ሲቀርብ 2 ሰዓት ተኩል ሆኗል። 12ቱን ሻማ ለኮስኳቸው፤ እውነት ለመናገር ያምሩ ነበር። ዘወር ስል ባለቤቴ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። ቀሚሷን ቀይራለች፤ እጇ ግን አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። አልቀሰቀስኳትም። ሻማዎቹን አንድ በአንድ እፍ እያልኩ አጠፋሁና በአምፖል ብርሃን ዶሮ ወጡን ብቻዬን በላሁ።

በማግስቱ ቆጣሪውን አየሁት። በአዘቦት ቀን ከ4 ኪሎ ዋት ሰዓት የማያልፈው ቤታችን ያን ዕለት 17 በልቷል። ባለቤቴ ደግሞ ቡና እያፈላች፣ ሳትቆጣ፣ እንዲያውም እየሳቀች፣ «ሬስቶራንት ብንሄድ ኖሮ እኔም እንግዳ እሆን ነበር» አለችኝ። ከቆጣሪው ይልቅ ያስደነገጠችኝ ይቺ ናት፤ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ግን ቆጣሪው። እኛ ኤሌክትሪክን «መብራት» ብለን ነው የምንጠራው። «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ»፣ «የመብራት ልከፍል ነው»። ስሙ ራሱ አሳስቶናል ባይ ነኝ፤ ቁጠባ በተባለ ቁጥር እጃችን የሚሮጠው ወደ አምፖሉ ነው። ተከራይ ሳለሁ የሽንት ቤት አምፖል ረስቼ ካደርኩ አከራዬ ጠዋት በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። የራሳቸው ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን ረፋዱን ሙሉ ሲግል ሲውል ግን ማንም ምንም አይልም፤ እንጀራ ነዋ!

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ኤልኢዲ አምፖል 9 ዋት አካባቢ ነው። አራት አምፖል አጥፍቼ አራት ሰዓት ብቀመጥ ያተረፍኩት 144 ዋት ሰዓት ነው፤ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ሰባተኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት ሲግል በሚበላው፣ አንዷን ባለ 9 ዋት አምፖል በየምሽቱ 5 ሰዓት እያበራሁ ሁለት ወር ተኩል እዘልቅበታለሁ። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ደግሞ ውሃውን ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከዚያም ማንም ሳይታጠብበት በርቶ ከቆየ፣ የሚቀዘቅዘውን እየተካ ሲበላ ይውላል። እኔ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሬ ያበራሁት ለምሽት 1 ሰዓት ሻወር ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ማብራት ይበቃ ነበር። ስቶቩም እንደዚያው ነው፤ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት በቀስታ በስሎ፣ ቁሌቱ ጣፍጦ፣ ዶሮው ገብቶ እስኪያልቅ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ሙቀት ነው። ብርሃን ምስኪን ነው፣ ስሙ ነው እንጂ የጠፋው።

ሻማዎቼማ ጭራሽ አያስወሩም። አንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ የሚሰጠውን ብርሃን ለማግኘት 60 ያህል ሻማ መለኮስ ያስፈልጋል። ለብርሃን ከሆነ ከሻማ የሚወደድ ነገር የለም ማለት ነው። ለውበት ከሆነ ሁለት ይበቃል፤ ያውም ከመጋረጃው ራቅ ተደርጎ። ደግሞ እንተዋወቅ፣ እኛ ሀገር ሻማ ሲለኮስ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፍቅር አይደለም፤ «ስንት ሰዓት ይመጣ ይሆን?» ነው የሚለው።

«ህዳሴ ግድብ ተመርቆ የምን ቁጠባ ነው?» የሚለኝ ወንድም አይጠፋም። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እኔም እንደ ሰው ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ወደ ቤቴ የምትገባዋ ሽቦ ያችው የድሮዋ ናት፤ ምጣድ፣ ቦይለርና ስቶቭ አንድ ላይ ሲጫኗት ትጥላለች። ሂሳቡም ቢሆን ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል የተደረገ ነው፣ ለአራት ዓመት። በዚያ ላይ አከፋፈሉ ደረጃ አለው፤ በወር ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በታች የሚጠቀም ቤት ለእያንዳንዷ የሚከፍለው ከ500 በላይ ከሚጠቀመው በብዙ ያነሰ ነው። ስለዚህ እንደኔ በአንድ ቀን 17 መብላት ከለመደባችሁ የምትወጡት ደረጃ ወደ ውዱ በኩል ነው።

እና ቅዳሜ ምን ይደረግ? ዘንድሮ ዕድለኞች ነን። በ2016 ይሄ ቀን ረቡዕ ላይ ዋለ፣ ባለፈው ዓመት ዓርብ ላይ፤ የኦርቶዶክስ ፍቅረኞች ሁለት ዓመት ሙሉ በሽሮና በአተር ክክ ነው የተፋቀሩት። ዘንድሮ ቅዳሜ ነው፣ ሰኞ የካቲት 9 ዐቢይ ጾም ይገባል። ማለትም በየቤቱ ለቅበላ መሠራቱ አይቀርም። ታዲያ ለፍቅር አንድ ድስት፣ ለቅበላ ሌላ ድስት ምን አመጣው? ለእሁድ የሚሠራው ዶሮ ቅዳሜ ጠዋት ይሠራ፤ ከ12ቱ ብልት ሁለቱ ለማታ ይቀመጡ። የሚጎድል ያስተዛዝናል የምትሉ አማቾች ካላችሁ እንቁላል ጨምሩበት። ማታ የሚቀረው ማሞቅ ብቻ ነው።

ዶሮ የማትሠሩ ደግሞ ጥብስ አለ፣ ቦዘና ሽሮ አለ፤ ሁለቱም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትሪ ላይ ናቸው። እኔ የምወደው ቋንጣ ፍርፍር ነው፤ የትናንት እንጀራ የሚፈለግበት ምግብ ስለሆነ ምጣድ ማሰብ የለም። «ለፍቅረኛ ፍርፍር ይቀርባል ወይ?» ለምትሉኝ፣ በአንድ ትሪ ቀርቦ በጉርሻ ሲበላ ታያላችሁ። የሚታጠበውም ዕቃ ያንሳል።

ምጣድ የግድ ከሆነ ለሁለት ሰው ራት ብላችሁ አትጣዱት። ሸክላው እስኪግል ድረስ የሚሄደው መብራት ለአምስት እንጀራም ለሃያ አምስትም ያው ነው፤ አንዴ ከጋለ የሳምንቱን ጨርሱበት፣ ያውም ማታ ሁሉም ሰው በሚለኩስበት ሰዓት ሳይሆን ቀን ላይ። ድስት መክደን፣ ስቶቩን ወጡ ሊወርድ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ማጥፋት (ግለቱ ይጨርሰዋል)፣ እነዚህን እናቶቻችን ሳይማሩ ያውቋቸዋል፤ አላስረዝማቸውም።

አንድ ነገር ግን ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ቀልድ የለበትም። መብራት ለመቆጠብ ብሎ ቡናውን በከሰል ማፍላት የሚያስብ አለ። ከሰሉም ቢሆን ርካሽ አይደለም፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። ማታ ነው፣ ይበርዳል፣ በርና መስኮት ተዘግቷል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ክፍሏ ጠባብ ናት። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም። ራስ ምታትና ድብት ማለት ይጀምራል፤ ሰው የድካም ይመስለዋል፣ ይተኛል፣ በዚያው ይቀራል። የዕጣኑ ሽታ ደግሞ ጭራሽ ያዘናጋል። ከሰል ከሆነ ምድጃው ደጅ ላይ ይቀጣጠል፣ በር ተከፍቶ ይፈላ፣ ወደ መኝታ ሲኬድ ከቤት ይውጣ። አለበለዚያ በትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት። ጀበና ሙሉ ቡና የሚፈጀው መብራት ለአንድ ሕይወት አይደለም ለአንድ ራስ ምታት አይመጣጠንም።

አበባን በተመለከተ አጭር ነገር፦ ከሆለታና ከዝዋይ የሚወጣው ጽጌረዳ በዚህ ሳምንት ወደ አውሮፓ የሚጎርፍበት ጊዜ ስለሆነ እዚህም ይወደዳል። ለምትወዷት ሴት በሌላ ሳምንት፣ ያለ ምንም ምክንያት ብታመጡላት በዚሁ ብር የበለጠ ትሸከማላችሁ።

አሁን ወደ ባለቤቴ ቃል። «እኔም እንግዳ እሆን ነበር።»

እኔ ያን ቀን ሬስቶራንቱን ትቼ ያተረፍኩት ገንዘብ ከየት የመጣ መሰላችሁ? ሬስቶራንት ውስጥ የሚከፈለው ለሥጋው ብቻ አይደለም። ለሚልጠው፣ ለሚያበስለው፣ ለሚያቀርበው፣ ለሚያጥበው ሰው ነው። እኔ ያንን ክፍያ አላስቀረሁትም፤ ከኪሴ አንስቼ በባለቤቴ ወገብ ላይ ነው ያዞርኩት። ቆጣሪ ደግሞ ለሷ ጉልበት አልተሠራለትም። ከጠዋት እስከ ማታ ስትቆም ብሬከር አይጥልም፤ እኔ ብሬከር ሲጥል ነው የደነገጥኩት።

ወንዶች፣ «ቤት እናክብር» ስንል ብዙ ጊዜ «አንቺ ሥሪ፣ እኔ ሻማ ልግዛ» ማለታችን ነው። ይሄ ቁጠባ አይባልም። «እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ባበላሽስ?» የሚል አለ። አበላሽ። ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ጥብስ ለማበላሸት ብዙ ችሎታ ይጠይቃል። ካልሆነ እንጀራውን ከሰፈር ግዛ፣ ሽንኩርቱን ክተፍ፣ ቡናውን አንተ ቁላ። ቡና የሚቆላ ወንድ ጎረቤት ሲያይ ይስቃል ትሉ ይሆናል፤ ይሳቅ፣ የሱ ሚስት ግን አትስቅም፣ ዘወር ብላ እሱን ነው የምታየው።

«ፍቅር በሂሳብ አይሰላም» የምትሉም አትጠፉም። እኔ እኮ ያን ዕለት ሂሳብ አልሠራሁም ነበር። አለመሥራቴ ነው ሰውየው ብቻውን ዶሮ ወጥ እንዲበላ ያደረገው።

ዘንድሮ የኛ ቤት ፕሮግራም ይኸውላችሁ። ዶሮው ቅዳሜ ጠዋት ለእሁድ ይሠራል፤ ሽንኩርቱን የምልጠው እኔ ነኝ፣ ከዛሬ ጀምሬ እየተለማመድኩ ነው፣ እያለቀስኩም ነው። እንጀራው ሐሙስ ይጋገራል። ቦይለሩ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይበራል፣ 1 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ሻማ ሁለት። ፊልም አንድ። ባለቤቴ ከ10 ሰዓት በኋላ ወጥ ቤት እንዳትገባ ተከልክላለች።

ይህን ጽሑፍ ሳለጥፈው አስነበብኳት። እስከ መጨረሻው አንብባ ስልኩን መለሰችልኝና «ሳህኑንስ?» አለች።

ሳህኑንም እኔ ነኝ።