«ከአጀንዳ ውጭ ነው!»

የኮንዶሚኒየማችን እድር ጸሐፊ ነኝ። በየወሩ አንድ እሁድ ጠዋት ኮሚናሉ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ እኔም ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ባለፈው ስብሰባ ሁለት ሰዓት ተኩል የተነጋገርነው ስለ ድንኳን ነበር። አርጅቷል፤ ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ? አስራ አንድ ሰው ተናገረ። አስራ አንዱም «እኔ እንኳን ብዙ አልናገርም» ብሎ ነው የጀመረው። አንደኛው ያለውን ሁለተኛው ደገመው፣ ሦስተኛው «ቅድም እንደተባለው» ብሎ ሰለሰው። (ድንኳኑ አልተገዛም። ኮሚቴ ተቋቋመለት።)

ሰው ወንበር መጎተት ሲጀምር ከኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ ሁለት ሳምንት ታምሜ ተኝቼ ነበር። በሬን ያንኳኳ የለም። ስሞት እንደምትመጡ አውቃለሁ። ሳልሞት አንዳንዴ ብቅ ብትሉስ?»

አንዱ «እማማ፣ ድንኳኑ እስኪጠገን ይታገሱን!» ሲል ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሰብሳቢያችን «ከአጀንዳ ውጭ ነው፤ ደንባችንም አይፈቅድም» አሉ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እኔስ? እኔም ስቄአለሁ። ከዚያ መዝገቡ ላይ «በልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ውይይት ተደርጎ ስብሰባው በሰላም ተጠናቀቀ» ብዬ ጻፍኩ።

እስቲ እንነጋገር። አጀንዳውን የሚያወጣው ማነው? እኛው ነን፣ ከጠረጴዛው ጀርባ የተደረደርነው አራት ወንዶች። ንፍሮ የሚቀቅሉት፣ ሐዘንተኛ ቤት ውለው የሚያመሹት ሴቶች ከኋላ ይቀመጣሉ። መናገር የለመደው ይናገራል፤ ዝም ማለት የለመደው ዝም ይላል፤ እኛ ደግሞ ይህንን «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» እንለዋለን። ደንባችን ከቀብር የቀረን ሰው ይቀጣል። ጎረቤቱ ሁለት ሳምንት ሲማቅቅ ያላየን ሰው ግን አይነካውም።

«ደንቡ አይፈቅድም» የሚሉት ነገር ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሰፈሩን ሲያራግፈው እድሮች ከቀብር ቀብር መሮጥ ደክሟቸው ነበር፤ ሣጥናቸውም ተራቆተ። ያኔ አንዳንዶቹ ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛ መደገፍ፣ ወላጅ የሞተባቸውን ሕፃናት መርዳት ጀመሩ። አሉላ ፓንክረስት ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት እድር በሽታውን በመከላከል ረገድ ሊኖረው የሚችለውን ሚና አስፍረዋል። እንግዲህ ያ ሁሉ ሲሆን ደንቡ ከሰማይ የወረደ ነበር እንዴ? ሰው ጻፈው፣ ሰው ፋቀው።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ሕጉ በ60 ጡረታ ያወጣኛል። ልጆቼ ሁለቱም ውጭ ናቸው። ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃችን ሊፍት የሚባል ነገር አያውቅም። በሰባ አምስት ዓመቴ ራሴን አየሁት። ጉልበቴ ለግሞ፣ ለዳቦ የጎረቤት ልጅ ደጅ ስጠና፣ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ወደ እኔ የሚመጣ እየመሰለኝ ጆሮዬን ስቀስር፤ ኮቴው ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይቀራል። ከሰው ጋር የማወራው በወር አንዴ፣ በዚያ ስብሰባ ብቻ ነው። የብረት መደገፊያውን ይዤ እንደምንም ወርጄ እጄን አወጣለሁ፤ «እኔ እንኳን ብዙ አልናገርም» እላለሁ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ እናገራለሁ።

ለካ ስለ ድንኳኑ ሃያ ደቂቃ የሚናገሩት አዛውንት ስለ ድንኳኑ አይደለም የሚናገሩት! ወር ሙሉ የሚሰማቸው አጥተው ያጠራቀሙትን ነው የሚያራግፉት። ስንት ጊዜ ሰዓቴን እያየሁ «ያሳጥሩልን» ብያቸዋለሁ። አንድም ቀን ግን ቤታቸው ሄጄ «እንዴት ሰነበቱ?» አላልኳቸውም። (ደግሞ ከእኔ በር እስከ እሳቸው በር አስራ ስምንት ደረጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ።)

«ሰው ሥራ በዝቶበታል» የሚሉኝ አሉ። ለድንኳን ሁለት ሰዓት ተኩል ከየት መጣ ታዲያ?

ለሚቀጥለው እሁድ አጀንዳ የማረቅቀው እኔ ነኝ። ተራ ቁጥር አንድ ላይ የእማማን ጥያቄ፣ በራሳቸው አባባል፣ ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ። ሰብሳቢያችን ረቂቁን አገላብጠው አዩና «ድንኳኑስ?» አሉኝ።

«ሁለተኛ ነው» አልኳቸው።