አጥር ላይ የተለጠፈው ወረቀት

አንድ ሠዓሊ ከቀለምና ብሩሽ ይልቅ በዋናነት በወረቀት ሥዕል ይሠራል ቢባሉ ምን ይላሉ? ወረቀቱ ከመንገድ ዳር አጥር ላይ የተላጠ ማስታወቂያ ከሆነስ? የሎስ አንጀለሱ ማርክ ብራድፎርድ በዓለም የታወቀው በዚህ ነው።

ብራድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1961 ተወለደ። እናቱ የሴቶች ፀጉር ቤት ነበራቸው፤ እሱም እዚያው ለዓመታት ፀጉር ሠርቷል። ሥነ ጥበብ ሊማር ኮሌጅ የገባው ዕድሜው ወደ ሠላሳ ሲጠጋ ነው። ለውድ ቀለም አቅም ስላልነበረው ዓይኑ የወደቀው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ባለው ዕቃ ላይ ሆነ። ፐርም ሲደረግ የፀጉር ጫፍ የሚጠቀለልባትን ስስ ወረቀት ያውቋት ይሆናል። እሷን ጠርዟን በእሳት እየለበለበ ሸራ ላይ ደረደራት። ስሙን ያስጠሩት የመጀመሪያ ሥራዎቹ የተሠሩት በዚህች ርካሽ ወረቀት ነው።

ቀጥሎ ወደ መንገድ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1992 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተነሣው ሁከት ብዙ ሕንጻ ተቃጥሎ ነበር። ባዶ የቀሩት ቦታዎች ሲታጠሩ አጥሩ በማስታወቂያ ተሸፈነ፦ ፈጣን ብድር፣ በርካሽ የሚያልቅ ፍቺ፣ የልጅ አሳዳጊነት ክርክር። እንደ ማርኬቲንግ ባለሙያ ልንገርዎ፤ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት የሚያነበው ማን ነው፣ የቸገረው ምንድን ነው ብለን እንጠይቃለን። ስለዚህ የአንድን ሰፈር አጥር ያነበበ ሰው፣ ሰፈሩ ቤቱን ዘግቶ የሚጨነቅበትን ነገር ያውቃል።

ብራድፎርድ እነዚህን ወረቀቶች በኮላ ደራርቦ ይለጥፋል፤ አንዳንዴም በመካከላቸው ገመድ ይቀብራል። ሲደርቅ ብርጭቆ ወረቀት በተገጠመለት የኤሌክትሪክ ማሽን ይፍቀዋል፣ ይቀደዋል። ፀሐይና ዝናብ በዓመታት የሚሠሩትን እሱ በእጁ ይሠራዋል። ከታች የተቀበረው ቀለም ብቅ ይላል፤ እዚህም እዚያም የተቆረጠ ፊደል ይታያል። ከሩቅ ሲያዩት ግን ከአውሮፕላን ላይ የታየ ከተማ ይመስላል።

ከሥራዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 ለንደን ውስጥ በጨረታ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሽጧል። እሱ ደግሞ ፀጉር ይሠራበት በነበረው ሰፈር፣ በሌመርት ፓርክ፣ ያለ ወላጅ ያደጉ ወጣቶችን የሚደግፍ ድርጅት ከባልደረቦቹ ጋር አቋቁሟል።

እንዲህ ያለ ሥዕል ፊት ሲቆሙ «ምን ይመስላል?» እያሉ አይድከሙ። መጀመሪያ ራቅ ብለው ሙሉውን ይዩት። ከዚያ ቀርበው የትኛው ከታች፣ የትኛው ከላይ እንዳለ ይፈልጉ። በመጨረሻ «ይህን ወረቀት ማን ለጠፈው? ምን ፈልጎ?» ብለው ይጠይቁ።

ከልጆችዎ ጋር ቤት ውስጥም ይሞክሩት። አሮጌ ጋዜጣና የቀን መቁጠሪያ ቅጠሎችን በጠንካራ ካርቶን ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ደራርባችሁ ለጥፉ፤ አሳድራችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። የቱ ጋ ጠንክረው፣ የቱ ጋ ቀስ ብለው እንደሚፍቁ ልጆቹ ራሳቸው ይወስኑ።

በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ቆርቆሮው አጥር ጋ ትንሽ ቆም በሉ። የሚከራይ ቤት፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ ዝናብ ያደበዘዘው የጠፋ ሰው ፎቶ ይኖራል። ልጅዎ ፎቶውን አይቶ «ተገኘ እንዴ?» ካለዎት፣ አጥሩን ማንበብ ጀምሯል።