ሊጉን ለማክሰኝት መልሱላት

ማክሰኝት የፕሪሚየር ሊግ ክለብ የላትም። ያላት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ነው። እሱም ይበቃት ነበር። ጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናትና ዐፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ጨዋታ ሲኖር በሚኒባስ ሄዶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ጉሮሮ እስኪዘጋ ጮኾ፣ ማታ ቤት መግባት ይቻል ነበር። ስለ ሊጋችን እድገት በተነሳ ቁጥር ስለ ካሜራ ይወራል፣ ስለ ስፖንሰር ይወራል፣ ስለ አክሲዮን ማኅበር ይወራል። ትኬት ቆራጩስ የት ገባ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 የውድድር ዘመን ኮሮናና ቴሌቪዥን ተያይዘው መጡ። ሊጉ ለአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተባለለትን የሱፐርስፖርት ውል ይዞ ጨዋታዎቹን አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ በየተራ ሰበሰበ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ በላ። ጎንደር ላይ ስንት ጨዋታ አድርጎ? ዜሮ! ለወረርሽኝ ዓመት ይሁን እንበል። ግን ኮሮናው ሄዶም ዙረቱ ለዓመታት ቀጠለ።

የዙረቱ ጠበቆች ምክንያት የላቸውም አልልም። ረብሻ ነበር፤ ጉዞ ውድ ነው፤ ብዙዎቹ ሜዳዎች ለካሜራ አይመቹም። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ገብቶ፣ እንኳን ለኳስ ለገበያ መውጣትም የሚያሳስብበት ጊዜ መጣ። ይህ ሁሉ ግን ለጊዜው ለምን እንደምንታገስ ይነግረናል እንጂ ሊግ እንዲህ ያድጋል አይልም።

እስቲ የቴሌቪዥኑን ገንዘብ እናስላው። በዚያ ውል በዓመት 4.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለ16 ክለብ እኩል ቢካፈል፣ ያውም ለሌላ ሥራ አምስት ሳንቲም ሳይወጣ፣ ለእያንዳንዱ 280 ሺህ ገደማ ይደርሰው ነበር። ደግ ነው፤ ክለብ ግን አያኖርም። የከተማ ክለቦችን የሚያኖራቸው የአስተዳደሩ በጀት ነው፤ የውኃውና የመንገዱ ገንዘብ ማለት ነው። ባለቤት ሲሰለቸው የሚሆነውን ጎንደር ታውቃለች። ዳሽን ቢራ የሚባል ክለብ ነበራት፤ በ2008 ከሊጉ ወረደ፣ ዛሬ የለም። የ2005ቱ ሻምፒዮን ደደቢትም በ2011 ወርዶ ጠፋ። የጎደላቸው ካሜራ አልነበረም፤ «የኔ ነው» ብሎ የሚሟገትላቸው ሕዝብ እንጂ።

«ከነማ» የሚለው ስም ራሱ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ነዋሪው ማልያ ይገዛል፣ ያዋጣል፣ ይሰደባል። ድምፅ ግን የለውም።

ሩቅ ሳንሄድ ታንዛኒያን እንይ። ሲምባ ባለሀብት ሲያስገባ እንኳ 51 በመቶውን ለአባላቱ አስቀርቶ ነው። እሱና ያንጋ ሲገናኙ 60 ሺህ ሰው የሚይዘው የዳሬሰላም ስታዲየም ይሞላል። ቴሌቪዥን የሚገዛው ያንን ጩኸት ነው። እኛ ባዶ ወንበር ልንሸጥለት እንሞክራለን።

ትልቅ ስታዲየም ይሠራ እያልኩም አይደለም። ትልቁንማ ባሕር ዳር አየነው! በመስከረም 2014 ደቡብ አፍሪካን ካስተናገደ በኋላ ካፍ አገደው፤ በኅዳር ብሔራዊ ቡድናችን ጋናን «በሜዳው» የገጠመው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ለአንድ ክለብ 10 ሺህ ወንበር፣ ደህና ሣር፣ የሚሠራ መታጠቢያ ያለው መልበሻ ክፍልና መብራት ይበቃዋል። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከቴሌቪዥን ገቢው ላይ ለዚህ ብቻ የሚውል ድርሻ ይቁረጥ። ድምፅ ያላቸው አባላትን መዝግቦ ጠቅላላ ጉባኤ ላልጠራ ክለብም ፈቃድ አይስጥ። ሜዳው ብቁ፣ ከተማው ሰላም የሆነ ክለብ ሌሎቹ እስኪሟሉ ሳይጠብቅ በሜዳው ይጫወት። የጎንደር ተራ ሲደርስ፣ ከማክሰኝት የሚነሳው ሰው በጊዜ እንዲመለስ ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሁንለት።