አጥንትን ከአጥንት ማስተያየት

ከምድር የጠፋ እንስሳ በቅሪተ አካሉ ታወቀ ሲባል፣ ብዙ ሰው አጥንቱ ራሱ ስሙን የሚናገር ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አጥንት የሚታወቀው ከሌላ አጥንት ጋር ሲተያይ ነው። ስለዚህ የዛሬዎቹን እንስሳት አጥንት መዝግቦ ማኖር የጥንቱን ከመቆፈር የማያንስ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ እንቁራሪት ጥሩ ምስክር ናት። አጥንቷ ስስ በመሆኑ ሙሉ አፅሟ እምብዛም አይገኝም፤ ከሚተርፈው ስብርባሪ ውስጥ ባለሙያው አጥብቆ የሚፈልገው ረጅሙን የዳሌ አጥንት ነው። የጉብታውና የጠርዙ ቅርጽ፣ የጭን አጥንት የሚገጥምበት ጎድጓዳ ስፍራም ከወገን ወገን ይለያያል። በአውስትራልያ መርገን በተባለ ስፍራ የተገኘው፣ 55 ሚሊዮን ዓመት ያህል የቆየ የዛፍ እንቁራሪት ቅሪት እ.ኤ.አ. በ2025 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተሰየመ። ተመራማሪዎቹ በሙዚየም የተቀመጡ የዘመናችንን እንቁራሪቶች አካላቸውን ሳይቀዱ በልዩ ራጅ አንሥተው፣ ዳሌያቸውን ከቅሪቱ ጋር አስተያዩ። እነዚያ ባይቀመጡ ኖሮ ቅሪቱ በምን ይታወቅ ነበር?

ይሁን እንጂ የወገን ስም ኑሮን ሁሉ አይገልጥም። በአገራችን ደጋ ሣር ውስጥ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ የምትባል እንቁራሪት አለች። ወገኗ የዛፍ እንቁራሪት ነው፤ እርሷ ግን ዛፍ መውጣቱን ትታ መሬት ትቆፍራለች። አንድ ሰው ወደፊት አጥንቷን አግኝቶ ወገኗን ብቻ በማየት «እዚህ ደን ነበረ» ቢል ይሳሳታል።

ትዕግሥትም ያሻል። በአፋር ቡርቴሌ እ.ኤ.አ. በ2009 የተገኘው፣ 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው የእግር ቅሪት አውራ ጣቱ ለመጨበጥ የሚመች ነበርና ከሉሲ ዝርያ እንዳልሆነ ታወቀ። ሆኖም በ2012 ለዓለም ሲገለጥ የዝርያ ስም አልተሰጠውም። ፕሮፌሰር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴና ባልደረቦቻቸው አውስትራሎፒቴከስ ዴይረመዳ ከተባለው ዝርያ የመደቡት፣ ከዚያው ስፍራ የተገኙትን ጥርሶችና መንጋጋ ከመረመሩ በኋላ፣ በ2025 ነው።

ሉሲን ያገኘች አገር ለእንቁራሪት አጥንት ምን ጊዜ አላት የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን የጥንት ሰው የኖረበት ምድር ረግረግ ይሁን ደረቅ የሚጠቁሙት አብረው የተቀበሩት ትንንሾቹ እንስሳት ናቸው።

ከቁስቋም በላይ፣ በእንጦጦ ግርጌ ያሉት የጅረት ዳርቻዎች ከተማው በሰፋ ቁጥር ይጠባሉ። በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበቦች፣ አንዲትም ሳይገድሉ፣ ሞተው የተገኙትን እንቁራሪቶች በጓንት እያነሡ አራት ኪሎ ለሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየም ቢያቀርቡ መልካም ነው። ከእያንዳንዷ ጋር የተገኘችበት ስፍራና ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይታሰር፤ ያለ እርሱ አጥንቱ ለማስተያየት ብዙም አይረባም።