ከግድግዳ ውስጥ የሚቀረው ሽቦ

ቤት ስንሠራ ዓይን የሚያየውን ነገር አብዝተን እንመርጣለን። የበሩ ቀለም፣ የመስኮቱ መስታወት፣ የኮርኒሱ ጨርቅ ሁሉ ባልና ሚስት ተማክረውበት ይገዛል። ከልስኑ በስተጀርባ የሚገባው የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ብዙ ጊዜ «ርካሹን አምጣልን» ተብሎ ለሠራተኛው ይተዋል። አምፖል ቢቃጠል በአንድ ደቂቃ ይቀየራል፤ ሶኬት ቢሰበር ብሎኑ ተፈትቶ ሌላ ይገጠማል። ሽቦን ለመለወጥ ግን ግድግዳ መቆፈር ሊያስፈልግ ነው።

ዛሬ ነገሩን ከሰሃላ ቆላ ሆነን እንየው። ከዚያ ተነሥቶ ሰቆጣ ገበያ የወጣ አባወራ ፍየል ወይም ማር ሸጦ ባገኘው ብር ነው የቤቱን ዕቃ የሚገዛው። አካባቢው በድርቅ በተደጋጋሚ የተጎዳ ስለሆነ ያ ብር በቀላሉ አይተካም። መንገዱም ሩቅ ነውና አንዴ የተገዛውን ለመመለስ ማንም አይደክምም፤ ጥሩም ሆነ መጥፎ ቤቱ ውስጥ ይዘረጋል።

ታዲያ ለሰቆጣ ቤት የበቃ ሽቦ ለሰሃላ ቤት ላይበቃ ይችላል። ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። አንድ ሽቦ ስንት አምፔር ይሸከማል የሚለው ሰንጠረዥ በአብዛኛው የሚነሣው አየሩ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው ከሚል ነው። በዚያ ሙቀት በቱቦ ውስጥ ገብቶ በግድግዳ ላይ የተዘረጋ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ 24 አምፔር ያህል ይችላል። አየሩ 40 ዲግሪ ሲሆን ከዚህ ላይ 13 በመቶ ይቀነሳል። 50 ዲግሪ ሲደርስ 29 በመቶ ተቀንሶ የሚቀረው 17 አምፔር ብቻ ነው። «ደግሞ 50 ዲግሪ የት አለ?» የሚል ካለ፣ በቆላ ቀትር ላይ በቆርቆሮው ጣሪያና በኮርኒሱ መካከል ራሱን ብቅ አድርጎ ይመልከት። ብዙው ሽቦ የሚያልፈው በዚያ ነው።

እንግዲህ 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። በ2.5 ሽቦ ላይ ከተሰካ ሽቦው የቻለውን ሁሉ እየተሸከመ ነው ማለት ነው፤ በዚያው መስመር ላይ የውኃ ማፍያ ሲጨመርበት ከአቅሙ ያልፋል። ተራው የፕላስቲክ ሽፋን የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ እየደጋገመ ሲግል ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ውስጡን ያጋልጣል። ቤቱ የእንጨት ማገር ያለው፣ ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ፣ ኮርኒሱም ጨርቅ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ እሳቱ የሚነሣው ሰው በማያየው ቦታ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ልጆች ተኝተዋል። ስለዚህ ለመብራት 1.5፣ ለተራ ሶኬት 2.5 ይበቃል፤ ለምጣድ ግን ከብሬከሩ ቀጥታ የሚመጣ ራሱን የቻለ የ4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር ያስዘርጉ። ሽቦው በጭቃው ውስጥ ባዶውን አይቀበር፤ በፕላስቲክ ቱቦ ይለፍ።

ወደ ገበያው እንመለስ። ትልቁ ማታለያ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ከውጭ ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ አዲስ ስለሆነም ያምራል። ነገር ግን እንደ መዳብ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ለተመሳሳይ ጭነት ይበልጥ ይግላል፣ ብሎን ሥር ሲገባም እየላላ ይሄዳል። የላላ መጋጠሚያ ደግሞ የእሳት መነሻ ነው። ይህን ለመለየት የኤሌክትሪክ ሙያ አያስፈልግም። ጫፉን በምላጭ ይፋቁት፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ አይግዙት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሚዛን ነው። መዳብ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። 100 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 2.5 ጥቅል መዳቡ ብቻ 2.2 ኪሎ ነው፤ ከነፕላስቲኩ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የ1.5 ጥቅል 2 ኪሎ ገደማ ነው። ማር የሚመዘንበት ሚዛን ለዚህ ይበቃል! 2.5 ነው ተብሎ የተሰጠዎት ጥቅል ሁለት ኪሎ እንኳ ካልሞላ ወይ መዳብ አይደለም፣ ወይ ቀጥኗል፣ ወይ 100 ሜትር አይሞላም። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ከነጋዴው ጋር መከራከር አያስፈልግም፤ መልሶ ማስቀመጥ ነው። አንዳንድ አምራች መዳቡን አሳንሶ ፕላስቲኩን ያወፍራልና በዓይን ውፍረት አይፍረዱ። ድፍን የሆነ የ2.5 ሽቦ መዳቡ ብቻ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል።

በሽፋኑ ላይ የፋብሪካው ስም፣ የሽቦው መጠንና 450/750 የሚል የቮልት ልክ በየተወሰነ ርቀት ታትሞ መገኘት አለበት። ጽሑፍ የሌለበት ሽቦ አባት የለውም። ከጥቅሉ ጫፍ ትንሽ ቁራጭ አስቆርጠው ከሱቁ ውጭ ክብሪት ያስነኩት፤ ደህናው ፕላስቲክ እሳቱ ሲነሣለት ይጠፋል፣ መጥፎው መንደዱን ይቀጥላል።

ስለ ብሬከር አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን ሳይሆን ሽቦውን ነው። «እየወደቀ አስቸገረን» ተብሎ በ16 አምፔሩ ቦታ 32 ሲገጠም ችግሩ የተፈታ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ጠባቂው ተባሯል። ብሬከሩ ከወደቀ ጭነቱን መቀነስ ወይም ሽቦውን ማወፈር ነው። ቢጫና አረንጓዴ የሆነውን የመሬት ሽቦም «ለቁጠባ» አያስቀሩ፤ አካሉ ብረት የሆነ ምጣድ እናቶች በእርጥብ እጅ የሚነኩት ዕቃ ነው።

የመንግሥት መስመር ያልደረሰበት ቤት ደግሞ ብርሃን የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። እዚህ ላይ «12 ቮልት ስለሆነ ቀጭን ሽቦ ይበቃል» የሚል ስሕተት አለ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በዚያው ተፋሰስ ኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ኃይል ማመንጫ ኤሌክትሪኩን ወደ መቀሌ የሚልከው በ230 ሺህ ቮልት ነው፤ ቮልቱ ከፍ ሲል አምፔሩ ያንሳልና ሽቦው ይቀላል። ቮልቱ ዝቅ ሲል ግን አምፔሩ ይበዛል። 60 ዋት ቴሌቪዥንና አምፖል በ220 ቮልት ሩብ አምፔር ያህል ሲስቡ፣ በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባሉ። ባትሪው 10 ሜትር ርቆ በ1.5 ሽቦ ከተያያዘ 1.2 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ይህም ከአሥር አንዱ ነው። በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ግማሽ ቮልት እንኳ አይጠፋም። «ሶላሩ ደከመ» ተብሎ አዲስ ባትሪ ከመገዛቱ በፊት ሽቦውን ማየት፣ ባትሪውንም ወደ ሳሎኑ ማቅረብ ብዙ ብር ያድናል።

ከጎረቤት ቆጣሪ መስመር ለሚስቡም ያው ነው። በ50 ሜትር የ2.5 ሽቦ ላይ ምጣድ ሲጣድ ወደ 12 ቮልት ይጠፋል። ምጣዱ ቶሎ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን ለማውጣት ይቸገራል፣ የባከነው ሙቀት ግን በቆጣሪው ላይ ይቆጠራል።

ሥራው ሲያልቅ ሠራተኛው የተረፉትን ቁርጥራጮች ጠራርጎ እንዳይወስድ። ከእያንዳንዱ መጠን አንድ ክንድ ያህል ከደረሰኙ ጋር አስረው ከቆጣሪው አጠገብ ያንጠልጥሉ፤ ከዓመታት በኋላ ሶኬት ሊጨምር የሚመጣ ሌላ ሠራተኛ በግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ ከዚያ አይቶ ያውቃል።