ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንትስ ሰዓት?

ወደ ሩቅ አገር የተመደበ ወጣት ሠራተኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ለዚህም ወለጋን የመሰለ አስረጂ በቀላሉ አይገኝም።

ነቀምቴን እንመልከት። ከአዲስ አበባ በመኪና 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በካርታ ላይ ማስመሪያ ለሚያኖር ተማሪ ግን 250 እንኳ አይሞላም። መኪና ተራራውን ይዞራል፤ ሸለቆውን ይወርዳል፤ ድልድይ ይፈልጋል። አይሮፕላን ግን ይህ ሁሉ ግድ የለውም።

ይሁን እንጂ አይሮፕላንም የራሱ መዞሪያ አለው። ደምቢ ዶሎንና አሶሳን እንውሰድ። በጠቅላይ ግዛት ዘመን ሁለቱም በወለጋ ሥር ነበሩ፤ ዛሬ አንደኛው በኦሮሚያ፣ ሁለተኛው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ይገኛል። ሁለቱም የአይሮፕላን ማረፊያ አላቸው። በካርታ ሲታዩ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ይቻላል። ደምቢ ዶሎ በ8 ዲግሪ ተኩል፣ አሶሳ በ10 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ናቸው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በመካከላቸው ያለው 165 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር የነበረው ዓይነት ዳኮታ አይሮፕላን እንኳ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር፣ ይህን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰው ነበር። የዛሬዎቹ ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላኖችማ መነሣትና ማረፉ ተጨምሮበት ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል።

እንግዲህ ይኸው መንገደኛ በአዲስ አበባ በኩል የሚዞር ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ከአሶሳ አዲስ አበባ 475፣ ከአዲስ አበባ ደምቢ ዶሎ 435፤ ድምሩ 910 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህም የቀጥታው አምስት እጥፍ ተኩል ነው። በአየር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ቢቆይም፣ ሁለተኛውን አይሮፕላን ሲጠብቅ ቀኑ ይመሽበታል፤ ምናልባትም ያድራል። በዋናው የመኪና መንገድ ልሂድ ቢልም በመንዲና በነጆ አድርጎ እስከ ጊምቢ መጥቶ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ምዕራብ መመለስ አለበት።

ነገሩ የማንም ክፋት አይደለም። አይሮፕላን የሚጠገነው፣ መንገደኛም የሚሰበሰበው በማዕከሉ ነው፤ ከግማሽ በላይ ወንበሩ ባዶ ሆኖ የሚበር አይሮፕላን ኪሳራ ነው። ስለዚህ በብዙ የዓለም አገሮች መስመሮች እንደ መንኰራኵር ጨረር ከመሐል ይወጣሉ፤ በዳርና ዳር ያሉ ጎረቤቶች ግን ይራራቃሉ።

ይህ ለካርታ ተማሪ ጨዋታ ነው፤ አሶሳ ተመድቦ ወላጆቹ ደምቢ ዶሎ ላሉት ሠራተኛ ግን ጨዋታ አይደለም። አባት ታሞ ሲጠራው 165 ኪሎ ሜትር አያጽናናውም። ቀብርም አይጠብቅም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የምድብ ደብዳቤ ሲደርስህ ሦስት ነገር ጠይቅ፦ በሰማይ ስንት ነው? በመንገድ ስንት ነው? ከቤቴ ደጃፍ እስከ ቤተ ሰቤ ደጃፍስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ካርታና የመንገድ ምልክት ይነግሩሃል። ሦስተኛውን የሚነግርህ የሄደበት ሰው ነውና፣ ጓዝህን ሳትሸክፍ ፈልገህ አነጋግረው።